ሐረጎን የሚወጣ ራዲያተር፦ ራስ ይቀየራል ወይስ ለመካኒክ ይከፈላል?

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉም ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን፣ ሁሉም ስለ ሞተር መሞቅ ናቸው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 600 ሜትር ያህል ይወጣል። ሜዳ ላይ ለወራት ሳይታወቅ የቆየ የማቀዝቀዣ ችግር የዚህ መንገድ ዳገት በሆነው ሐረጎ ላይ በአንድ ቀን ይወጣል። የመጀመሪያውን ጥያቄ በሰፊው መልሰነዋል፤ የሌሎቹ መልስ በእሱ ላይ ስለሚመሠረት ከእሱ ይጀምሩ።

ጥያቄ፦ ቪትዝ አለችኝ፣ ካምቢዮዋ ማንዋል ነው። ባለፈው ሳምንት ከኮምቦልቻ ስመለስ ቀይ የሙቀት መብራት በራብኝ፤ ወዲያው ዳር ይዤ አጠፋሁ። ሳየው የራዲያተሩ የላይኛው ፕላስቲክ የውሃ ጎማው የሚገባበት አንገት አጠገብ ተሰንጥቋል። ዕቃውን እኔ ገዝቼ ለእጅ ሥራ ብቻ የተጠየቅሁት ዋጋ ከበደኝ። ቁልፎች አሉኝ፤ ቡሎን መፍታትና ማሰርም አልፈራም። ራሴ ልቀይረው ወይስ አርፌ ልክፈል? (ከደሴ፣ ሸዋ በር)

መልስ፦ በጻፉልን ሁኔታ ራስዎ ይቀይሩት እንላለን። ስንጥቁ በዓይን ይታያል፤ ሞተሩን ሳይዘገዩ አጥፍተዋል፤ ካምቢዮው ማንዋል ስለሆነ የካምቢዮ ዘይት በራዲያተሩ ውስጥ አያልፍም፤ ራዲያተሩም ኮፈኑን እንደከፈቱ ፊት ለፊት የሚገኝ ነው። ልምድ ያለው መካኒክ በአንድ ሰዓት ተኩል የሚጨርሰው ሥራ ለጀማሪ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ቡሎን መፍታትና ማሰሩ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ አዲሱን ገጥመው ውሃ ከሞሉ በኋላ ሞተሩ ውስጥ የቀረውን አየር ማስወጣት ነው። ራዲያተሩን በትክክል ገጥሞ አየሩን ሳያስወጣ ሐረጎን የወጣ ሰው ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ያጣምማል። ስለዚህ ከሥራው ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ለዚያ ይሁን።

በገንዘብ በኩል ስሌቱ አጭር ነው። ዕቃው በሁለቱም መንገድ ያው ዋጋ ነው፤ የሚተርፍዎ የእጅ ሥራው ብቻ ነው። ያንን ትርፍ ኪስ ውስጥ አያስገቡት። አዲስ የራዲያተር ክዳን፣ የላይኛውንና የታችኛውን የውሃ ጎማ፣ አራት ፋሼታ (የጎማ ማሰሪያ ቀለበት)፣ የተጣራ ውሃና ጥሩ ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ይግዙበት። ፕላስቲኩን ያደረቀው ሙቀት ጎማዎቹንም አድርቋቸዋል፤ በአዲስ ራዲያተር ላይ ያረጀ ጎማ መግጠም በወሩ ሌላ መፍሰስ መጥራት ነው።

ሲገዙ «የቪትዝ ራዲያተር» ብለው ብቻ አይጠይቁ። ኤስሲፒ10፣ ኤንሲፒ10 እና ኬኤስፒ90 ሁሉም ቪትዝ ናቸው፤ ሞተራቸውም ራዲያተራቸውም የተለያየ ነው። ኮዱ ኮፈኑ ሥር ወይም በሩ ጠርዝ ላይ ካለው ሳህን ላይ ይገኛል። የሻሲ ቁጥሩን ጽፈው ይሂዱ፤ ከተቻለ አሮጌውን አውጥተው ይዘውት ይሂዱ። የጎማ አንገቶቹን ስፋትና አቅጣጫ፣ የጆሮዎቹን ቦታ፣ የሆዱን (ቱቦዎቹና ክንፎቹ ያሉበትን መሐል) ውፍረት ጎን ለጎን አስቀምጠው ያመሳክሩ። ውፍረቱ ብዙ ጊዜ 16 ወይም 26 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቬንትሌተሩ (የራዲያተሩ ማራገቢያ) የሚገባበት ክፍተት ከፈቀደ ለዳገት መንገድ 26ቱን እንመርጣለን። ለአውቶማቲክ የተሠራ ራዲያተር ሁለቱ የዘይት ቀዳዳዎቹ ተደፍነው ለማንዋል ይሆናል፤ ለማንዋል የተሠራው ግን ለአውቶማቲክ አይሆንም።

ሥራውን ጠዋት፣ መኪናዋ ሌሊቱን አድራ ስትቀዘቅዝ ይጀምሩ። የጋለ ራዲያተር ክዳን በፍጹም አይከፈትም። ውስጡ ያለው ውሃ በግፊት ታምቆ ከመፍያው በላይ የጋለ ስለሆነ ክዳኑ እንደተነሣ በአንዴ ወደ እንፋሎት ተቀይሮ ፊትና ክንድ ይልጣል። ቀጥሎ የባትሪውን ኔጋቲቭ ይፍቱ፤ በአንዳንድ መኪና ቬንትሌተሩ ቁልፍ ሳይኖርም ይነሣልና ጣት ይቆርጣል።

ከራዲያተሩ ግርጌ ያለችው ማፍሰሻ ፕላስቲክ ናት፤ በእጅ ትዞራለች። ካልታዘዘች አያስገድዷት፤ የታችኛውን ጎማ መንቀል ይሻላል። የሚወጣውን 8 ሊትር በሚይዝ ሳፋ ይቀበሉና መስመር ባለው ጀሪካን ይለኩት፤ ስንት እንደወጣ ማወቅዎ በኋላ ስንት መግባት እንዳለበት ይነግርዎታል። እንደ ሞተሩ ዓይነት የቪትዝ ጠቅላላ መጠን ከ4 እስከ 5 ሊትር ገደማ ነው። አሮጌውን ኩላንት ቦይ ውስጥ አይድፉት። ጣፋጭ ጣዕም ስላለው ውሻም ከብትም ይልሰዋል፤ ኩላሊት ያጠፋል። የደሴ ቦይ ደግሞ መጨረሻው ቦርከና ነው፤ ከታች በዚያ ውሃ ከብት የሚያጠጣ ሰው አለ። በጀሪካን ዘግተው ልጅ የማይደርስበት ያስቀምጡና የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ይስጡ።

ጎማዎቹን ሲያወጡ በካቻቪቴ አይፈልቅቁ። በመጀመሪያ በእጅ ጨብጠው ግራና ቀኝ ያዙሩ፤ ካልተላቀቀ አዲስ ጎማ ስላለዎት አሮጌውን በምላጭ በቁመቱ ሰንጥቀው ይላጡት። በራዲያተሩ በኩል ቢሰበር ግድ የለም፤ በሞተሩ በኩል ያለው አንገት ቢሰበር ግን ሌላ ዕቃ ፍለጋ ይጀመራል። የቬንትሌተሩን ሶኬት ምላሷን ጫን ብለው ይንቀሉ፤ ከፕላስቲክ ሽፋኑ ጋር አንድ ላይ ወደ ላይ ይወጣል። ያን ሽፋን «ለምን ያስፈልጋል» ብለው የሚጥሉ ጋራዦች አሉ። ሽፋኑ ከሌለ ቬንትሌተሩ ከፊቱ ካለው ክብ ብቻ እንጂ ከራዲያተሩ ሙሉ ገጽ አየር አይስብም፤ በዝግታ ዳገት ሲወጡ የሚያድንዎ ደግሞ የቬንትሌተሩ አየር ብቻ ነው። ከፊት ያለውን የኤሲ ኮንዴንሰር ቱቦ አይፍቱ፤ ከራዲያተሩ ብቻ አላቀው በሽቦ ወደ ላይ ያንጠልጥሉት።

ላይኛዎቹን ሁለት መያዣዎች በ10 ወይም በ12 ቁልፍ ፈትተው ራዲያተሩን ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ያንሡ። ከታች ሁለት የላስቲክ መቀመጫዎች ይቀራሉ፤ አንዳንዴ ከአሮጌው ጋር ተጣብቀው ይወጡና አብረው ይጣላሉ። ይፈልጓቸው። ያለ እነሱ የተቀመጠ ራዲያተር የኮብልስቶን ንዝረትን በቀጥታ ይቀበልና በዓመት ውስጥ ከግርጌው ይሰነጠቃል።

አዲሱን ከመግጠምዎ በፊት በየቀዳዳው ላይ ለጉዞ የተወተፈ የፕላስቲክ ክዳን መኖሩን አይተው ያውጡ። ይህ እንደ ቀልድ የሚመስል ነገር ስንት ሞተር አስፈልቷል። ከዚያ አንድ ሁለት ሊትር የተጣራ ውሃ ጨምረው ነቅነቅ በማድረግ ያጥቡት። ፋሼታው የሚቀመጠው ከአንገቱ ጫፍ እብጠት በስተኋላ ነው፤ እብጠቱ ላይ ወይም ከፊቱ ካሰሩት ግፊት ሲመጣ ጎማው ይሾልካል። ባለ ቡሎኑን ፋሼታ ሲያጠብቁ ጎማው በፋሼታው ቀዳዳዎች በኩል ማበጥ ከጀመረ አልፈውታል። ከፋብሪካ የመጣው ባለ ስፕሪንግ ፋሼታ ካልዛገ እሱን ይመልሱ፤ ጎማው በሙቀትና በብርድ ሲሰፋና ሲጠብ አብሮ ይከተላል።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ። ከአሮጌው የወጣው ውሃ የዛገ ከሆነ መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ ሞልተው፣ የውስጥ ማሞቂያውን ሙቀት እስከ መጨረሻ ከፍተው፣ ሞተሩን አስነሥተው ያጥቡት፤ አቀዝቅዘው ያፍስሱ፤ ጥርት እስኪል ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙት። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ በየቦታው «ክዳኑን ከፍታችሁ ቬንትሌተሩ እስኪነሣ ጠብቁ» የሚለው ምክር ደሴ ላይ በንጹሕ ውሃ አይሠራም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላ ደሴ ላይ ከኮምቦልቻ ዘግይቶ የሚበስለውም ለዚሁ ነው። የብዙ ትናንሽ መኪኖች ቬንትሌተር የሚነሣው ደግሞ ከ93 ዲግሪ በላይ ነው። ስለዚህ ቬንትሌተሩን ሲጠብቁ ውሃው ቀድሞ ይገነፍልብዎታል፤ እርስዎም የቴስታታ ችግር መስሎዎት ይደነግጣሉ። ሲያጥቡ የታችኛው ጎማ እንደሞቀ ያጥፉት፤ ያ በቂ ነው።

ከታጠበ በኋላ ሞተሩ ውስጥ የማይፈስ ንጹሕ ውሃ ይቀራል። ኩላንቱ ያልተበረዘ ዓይነት ከሆነ የጠቅላላውን ግማሽ ቀድመው ይጨምሩ፤ መኪናው 4.5 ሊትር የሚይዝ ከሆነ 2.25 ሊትር ኩላንት፣ ቀሪውን በተጣራ ውሃ ይሙሉ። ተበርዞ የሚሸጠውን ከገዙ ግን ውስጥ የቀረው ውሃ ያሳሳዋል፤ ለታጠበ ሞተር ያልተበረዘው ይሻላል። የቧንቧና የምንጭ ውሃ በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋግረውን ነጭ ነገር በራዲያተሩ ቱቦዎች ውስጥም ይጋግራል፤ የተጣራ ውሃ የምንለው ለዚህ ነው። ባትሪ ውሃ ብለው ሲገዙ አሲድ እንዳይሰጥዎ ጽሑፉን ያንብቡ። ቀይና አረንጓዴ ኩላንት አይቀላቅሉ፤ ቀለም ብቻውንም ዋስትና አይሆንም፤ ዕቃው ላይ ለየትኛው መኪና እንደሚሆን የተጻፈውን ይመልከቱ።

አየሩን ለማውጣት መኪናዋን አፍንጫዋ ወደ ዳገት እንዲሆን ያቁሟት፤ ደሴ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ቦታ አይጠፋም። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ቀስ እያሉ ይሙሉ፤ የላይኛውን ጎማ በእጅ ጨመቅ ለቀቅ ያድርጉ፤ አየር ሲንጎደጎድ ይሰማል፤ ይጨምሩ። ማሞቂያውን ሙቀት ላይ ከፍተው፣ ክዳኑ ክፍት እንደሆነ፣ ሞተሩን ያስነሡ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል። በመጀመሪያ የላይኛው ጎማ ይሞቃል። ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው በር) ሲከፈት የውሃው ከፍታ ድንገት ይወርዳል፤ ወዲያው ይሙሉ። ከዚያ የታችኛው ጎማ ይሞቃል። አረፋው ሲያቆምና ከማሞቂያው ትኩስ አየር ሳይቆራረጥ ሲመጣ ክዳኑን ይዝጉ። ቬንትሌተሩ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ሁለት ጊዜ እስኪጠፋ ክዳኑ እንደተዘጋ ይጠብቁ። ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር እየነፋ መርፌው ወይም መብራቱ ሙቀት ካሳየ ውስጥ አየር አለ፤ አጥፍተው አቀዝቅዘው እንደገና ይጀምሩ። ብዙዎቹ ቪትዞች የሙቀት መርፌ የላቸውም፣ ሰማያዊና ቀይ መብራት ብቻ ነው ያላቸው፤ ቀዩ ሲበራ ጉዳቱ ተጀምሯል ማለት ስለሆነ ማሞቂያውን እንደ ሁለተኛ መለኪያ ይጠቀሙበት።

በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ ክዳኑን ከፍተው ይዩ፤ ትንሽ መጉደሉ የተለመደ ነው። ለሦስት ጠዋት ይከታተሉ። የመጀመሪያ ጉዞዎ እስከ ፒያሳ ደርሶ መመለስ ይሁን። ወደ ኮምቦልቻ መውረዱ ምንም አይፈትንም፤ ሞተሩ ሸክም የለበትም። ፈተናው መመለሻው ነው። ያን ቀን 5 ሊትር ውሃና ፒንሳ ይዘው፣ ሰው ሳይጭኑ ይሂዱ፤ እላይ ሲደርሱ ቆመው ፋሼታዎቹን በሙሉ በእጅ ባትሪ ይመርምሩ።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ደሴ የሚሠራ ሃይስ ሚኒባስ አለን፣ ናፍጣ ነው። በአንድ ዓመት ሁለት ራዲያተር ተቀየረለት፤ አሁንም ሐረጎ ላይ ይሞቃል። መካኒኩ ሦስተኛ ግዙ ይላል። ወንድሜ ደግሞ «የእጅ ዋጋ እየከፈልን ነው የከሠርነው፣ ራሳችን እንቀይረው» ይላል። እኔ ባለንብረት እንጂ የመኪና ሰው አይደለሁም፤ ምን ላድርግ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እኅታችን፣ ሦስተኛውን ራዲያተር አይግዙ፤ ወንድምዎም አይፍታው። ሁለት አዲስ ራዲያተር ያላዳነው መኪና ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። እዚህ ላይ ለመካኒክ መክፈል ተገቢ ነው፤ የሚከፍሉት ግን ለመቀየር ሳይሆን ለመመርመር ይሁን። ሥራውን ከመስጠትዎ በፊት «ምን ለክተህ ነው ራዲያተር ያልከው?» ብለው ይጠይቁ። ባለሙያ ከሆነ ቅር አይለውም።

መጀመሪያ የሚጠይቁት ቴርሞስታቱ በቦታው መኖሩን ነው። ሞተር ሲሞቅ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል በየጋራዡ የተለመደ «መፍትሔ» ሆኗል፤ እኛ አጥብቀን እንቃወመዋለን። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ አለው፦ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ ሲከፍት፣ ውሃው ሳይቀዘቅዝ ተመልሶ ወደ ሞተር የሚሄድበትን አቋራጭ ደግሞ በሌላኛው ጫፉ ይዘጋል። ሲወጣ አቋራጩ ለዘለዓለም ክፍት ይሆናል፤ ዳገት ላይ ከጋለው ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ይመለሳል። ጠዋት ደግሞ ሞተሩ ሙቀቱን ሳያገኝ ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ናፍጣ ይበላል፣ ሲሊንደር ይፍቃል። አዲስ ሲገባ ትንሿ የአየር መተንፈሻ ወደ ላይ መዞሯን ያሳይዎ።

ቴርሞስታት በድስት ውሃ አፍልቶ መፈተሽ ይቻላል፤ ግን የተጻፈበት ቁጥር መከፈት የሚጀምርበት ነው፤ ሙሉ በሙሉ ለመከፈት ከዚያ በላይ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ይፈልጋል። ኮምቦልቻ ላይ ውሃ በ94 ገደማ ስለሚፈላ 88 የተጻፈበት ቴርሞስታት ድስት ውስጥ በከፊል ብቻ ቢከፈት ተበላሽቷል ማለት አይደለም። በዚህ ስሕተት ደኅና ዕቃ ይጣላል።

ሁለተኛው ቬንትሌተሩ ነው። ከሞተሩ በቺንጊያ የሚዞር ከሆነ መሐሉ ላይ ዘይት ያለው መያዣ አለው፤ ሲሞቅ ይጨብጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይለቃል። ሞተሩ ሐረጎን ወጥቶ ገና ትኩስ ሳለ ይጥፋና ምላጮቹን በእጅ ያዙሯቸው፤ መክበድ አለባቸው። እንደ መጫወቻ ተሽከርክረው ከሄዱ ዘይቱ አልቋል፤ ሜዳ ላይ ነፋሱ ይሸፍንለታል፣ ዳገት ላይ አይሸፍንለትም። ቺንጊያውም መላላቱን በዚያው ይታይ።

ሦስተኛው የሚያስፈራው ነው፦ በቴስታታውና በብሎኩ መካከል የሚገባው ጓርኒሲዮን። ምልክቶቹን ሾፌሩ ራሱ ሊያይ ይችላል። ጠዋት በቀዝቃዛው ክዳኑ ተከፍቶ ሞተር ሲነሣ አረፋ ያለማቋረጥ የሚመጣ ከሆነ፣ ወይም ክዳኑ ተዘግቶ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ውሃው ገና ሳይሞቅ የላይኛው ጎማ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ፣ የሲሊንደር ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ያ ግፊት ነው ራዲያተሮቹን አከታትሎ የሚያፈነዳው። የሞተር ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውሃ ዘይት ውስጥ ገብቷልና መኪናው አንድ ዙር እንኳ አይጫን። ጋራዡ ከክዳኑ ቦታ በሚገጠም የእጅ ፓምፕ ግፊት ሰጥቶ መፍሰሱን፣ በቀለም ፈሳሽም የሲሊንደር ጋዝ መኖሩን መለካት ይችላል፤ ሁለቱም የደቂቃዎች ሥራ ናቸው። መሣሪያው ከሌለው ያለው ጋ ይሂዱ።

የሃይስ ሞተር ከፊት ወንበር ሥር ስለሆነና የውሃ መስመሩ ረጅም ስለሆነ አየር ማስወጣቱ ከቪትዝ የከበደ ነው። ራዲያተሩ ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ጭቃና ገለባ ይደፍነዋል፤ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በዝቅተኛ ግፊት ውሃ፣ በየወሩ ይታጠብ። የመኪና ማጠቢያ ጠንካራ ግፊት ቀጫጭኖቹን የአልሙኒየም ክንፎች ያስተኛቸዋል። ሥራው ሲያልቅ አሮጌውን ዕቃ ይረከቡ፣ የገባውን የኩላንት ዓይነትና ሊትር ያስጽፉ፣ ክፍያውንም ከፊሉን ሐረጎን ጭኖ ወጥቶ ከተመለሰ በኋላ ለመክፈል አስቀድመው ይስማሙ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ያገለገለ ኦርጅናል ራዲያተር በአዲሱ ኮፒ ዋጋ ይገኛል። የቱ ይሻላል? (ከደሴ፣ ሆጤ)

መልስ፦ የፕላስቲክ ጣራ ላለው ራዲያተር አዲሱን ኮፒ እንመርጣለን። የሚያረጀው ፕላስቲኩና በፕላስቲኩና በአልሙኒየሙ መካከል የታጠፈው ላስቲክ ነው፤ ያገለገለ ኦርጅናል ሆዱ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ፕላስቲኩ የእርስዎን አሮጌ ያህል ዕድሜ ኖሯል። ክንፎቹን በጣት ጫን ሲሏቸው እንደ ዱቄት ከረገፉ፣ በመጋጠሚያው ዙሪያ ነጭ ወይም አረንጓዴ ደረቅ ነገር ካለ፣ ፕላስቲኩ ከጥቁርነት ወደ ቡናማ ከሄደ ይተውት። ውሃ ሞልተው በአንድ ጊዜ ሲለቁት በሰፊው ካልወጣ ቱቦዎቹ ተደፍነዋል።

ኮፒም ቢሆን ሁሉም እኩል አይደለም። ቀዳዳዎቹን ደፍነው፣ ሳፋ ውሃ ውስጥ ነክረው፣ መለኪያ ባለው የብስክሌት ፓምፕ እስከ 0.9 ባር አየር ይስጡትና አረፋ ይመልከቱ፤ ከዚያ አይለፉ። አሮጌ የናስ ራዲያተር ላላቸው የጭነት መኪኖች ግን መልሳችን ይለያል፦ ናስ ይበየዳል፣ ጣራው ተከፍቶ ቱቦው ይጠረጋል፤ ጥሩ በያጅ ካገኙ አይጣሉት።

ጥያቄ፦ የራዲያተር ክዳን ላይ 0.9 እና 1.1 የሚል አለ። ትልቁን ብገዛ ይሻላል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አይሻልም። ቁጥሩ ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። 0.9 ክዳን ደሴ ላይ የንጹሕ ውሃን መፍያ ከ92 ወደ 114 ዲግሪ ገደማ ያነሣል። የላላ ክዳን ያለው መኪና ደግሞ ሞተሩ በጤና በሚሠራበት ሙቀት ላይ ይፈላል፤ ቆላ ላይ ያልታወቀ ክዳን ደጋ ላይ የሚያሳፍረው ለዚህ ነው። ለ0.9 በተሠራ መኪና ላይ 1.1 መግጠም ግን ጎማንና ፕላስቲክን ያለ ልኩ ይገፋል። በመኪናው መጽሐፍ ያለውን ይግዙ፤ ላስቲኩ ከተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ ከደከመ ሳይጠብቁ ይቀይሩት።

ጥያቄ፦ ራዲያተር ሲያፈስ እንቁላል ውስጡ መጨመር ወይም ሳሙና መለጠፍ እውነት ይሠራል? (ከደሴ፣ ገራዶ)

መልስ፦ ሳሙናው ቤት ለመድረስ ይረዳል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ስንጥቁን አድርቀው ደረቅ ሳሙና አጥብቀው ያሹበት፤ ለጥቂት ኪሎ ሜትር ይይዛል። እንቁላሉን አያድርጉ። ስንጥቁን ሲደፍን የማሞቂያውን ቀጫጭን ቱቦዎችም ይደፍናል፤ በኋላ ለማጠብ የሚከፍሉት ከራዲያተሩ ሊበልጥ ይችላል። በጠርሙስ የሚሸጠው መድፈኛም ከመንገድ ለመውጣት እንጂ ለመኖሪያ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሐረጎ መሐል ላይ ሞተር ቢፈላብኝ በቅደም ተከተል ምን ላድርግ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ መርፌው መውጣት እንደጀመረ ኤሲውን አጥፍተው የውስጥ ማሞቂያውን በሙሉ ኃይል ይክፈቱ፤ ማርሽ ቀንሰው ጋዙን ያቅሉ። ይህ ካላወረደው ከኩርባ ርቆ ሰፋ ያለ ዳር ይፈልጉ፤ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ከጎማ ኋላ ድንጋይ ያድርጉ። እንፋሎት ከሌለና መርፌው ቀዩ ላይ ካልደረሰ ሞተሩን ሳይጫኑ አንድ ሁለት ደቂቃ ይተዉት፤ ውሃው እየዞረ ሙቀቱን ያወጣል። እንፋሎት ካዩ ወይም ቀይ ከነካ ወዲያው ያጥፉት።

ኮፈኑን ይክፈቱ፤ ክዳኑን አይንኩ። ሞተሩ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይድፉ፤ የጋለ ብሎክ ይሰነጠቃል፣ የአልሙኒየም ቴስታታ ይጣመማል። ተሳፋሪዎች ቢቸኩሉም ከ45 ደቂቃ በታች አይክፈቱት። ከዚያ በወፍራም ጨርቅ ይዘው ሩብ ዙር ብቻ አዙረው ግፊቱ እስኪወጣ ይጠብቁ፤ ከዚያ ይክፈቱ። ሞተሩን አስነሥተው፣ እየሠራ ሳለ፣ በትንሽ በትንሹ ይሙሉ። ከ2 ሊትር በላይ ከገባና ወዲያው የሚፈስ ቦታ ካዩ ወደ ደሴ አይውጡ፤ መኪናውን ያስጎትቱ ወይም ወደ ኮምቦልቻ በማርሽ ይውረዱ፤ ቁልቁለቱ ሞተሩን ብዙ አይጭነውም። ሞተሩን አጥፍተው ግን በፍጹም አይውረዱ፤ ሞተር ከጠፋ የፍሬን አጋዡ ከጥቂት መርገጥ በኋላ ያልቃል፣ መሪውም ይከብዳል።